ከተሜው ልጅ በአያቱ እርሻ

እኛ በቀሐ ወንዝ ዳር ያደግን ልጆች አብዛኞቻችን የገበሬ የልጅ ልጆች ነን። ገብሱና ባቄላው ከአያቶቻችን ቤት በጆንያ ሲመጣ እናያለን። እንዴት እንደሚመረት ግን ስንቶቻችን እናውቃለን? ይህን ጥያቄ ያነሣነው የአንድ ወንድማችንን ታሪክ ከሰማን በኋላ ነው።

መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና በሽታ ምክንያት የአገሪቱ ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ሲታዘዝ፣ ያን ጊዜ የ15 ዓመት ልጅ የነበረው ወንድማችን ዳባት አጠገብ ወደሚያርሱት አያቱ ተላከ። ዳባት ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለ፣ ከፍታው ከ2,500 ሜትር በላይ የሆነ ደጋ ነው።

ይሁን እንጂ የመጀመሪያው ፈተና ብርዱ ሳይሆን አለማወቁ ነበር። በክፍሉ ጎበዝ ከሚባሉት አንዱ ሳለ፣ «ምራኑን አቀብለኝ» ሲባል ጅራፉን አነሣ። ሞፈሩን፣ ድግሩን፣ ወገሉን በስማቸው እየጠሩ ያስለዩት ትንንሽ እረኞች ነበሩ። እርፉን ሲጨብጥ ማረሻው አንድም ከመሬት ይወጣል፣ አንድም ጠልቆ በሬዎቹን ያቆማል። ልጆቹ ሲሥቁበት እልህ ያዘው፤ «እኔ ተማሪ ነኝ» እያለ ከሥራ መሸሽ ጀመረ።

በነሐሴ ወር በሬዎቹን እንዲጠብቅ ተላከ። እርሱ ግን ለስልኩ ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ ላይ ወጣ። ሲመለስ በሬዎቹን ከጎረቤት ባቄላ ውስጥ አገኛቸው። አያቱ አልተቆጡም። ማታ ጋቢያቸውን ለብሰው ወደ ባለማሳው ቤት ሄዱና፣ «ጥፋቱ የኔ ነው፤ ያልለመደ ልጅ ብቻውን ላክሁ» ብለው ካሣ ለመክፈል ተስማሙ። ልጁ ደጅ ቆሞ ይሰማ ነበር። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደውም።

በማግሥቱ ማንም ሳይቀሰቅሰው ተነሥቶ፣ «አባባ፣ ካሣውን በጉልበቴ ልክፈል» አለ። አምስት ቀን ሙሉ የጎረቤቱን ገብስ ሲያርም ሰነበተ። ከዚያ ወዲያ ያላወቀውን መጠየቅ ጀመረ። የሣቁበት እረኞች አስተማሪዎቹ ሆኑ፤ እርሱም ማታ ማታ ፊደል አስቆጠራቸው።

እንግዲህ ከዚህ ምን እንማራለን?

አንደኛ፣ አለማወቅ አያሳፍርም፤ አለማወቅን ለመደበቅ መሸሽ ግን ዕዳው ለሌላ ሰው ይተርፋል።

ሁለተኛ፣ እርሻ ጉልበት ብቻ አይደለም፣ ዕውቀትም ነው። ማረሻችን አፈሩን ይሰነጥቃል እንጂ አይገለብጥም። ስለዚህ ሁለተኛው እርሻ የመጀመሪያውን ትልም አቋርጦ ይሄዳል፤ መሬቱ ተደግሞ ተሰልሶ ነው ለዘር የሚለሰልሰው። ይህን ያወቁት አያቶቻችን ያልተማሩ ናቸው ማለት ስሕተት ነው።

ሦስተኛ፣ እንግዳ ለሆነ ልጅ አብሮት የሚውል ሰው ያስፈልገዋል። አያቱ ጥፋቱን ከራሳቸው የጀመሩት ይህን ስለሚያውቁ ነው።

በ2013 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች ደረጃ በደረጃ መከፈት ሲጀምሩ፣ ልጁ የገብሱ አጨዳ ሳይደርስ ወደ ጎንደር ተመለሰ። አጨዳውን ሳያግዝ በመሄዱ እስከ ዛሬ ይቆጨዋል። አያቱ ሲሸኙት አንድ ጠፍር አንሥተው፣ «ይህ ምንድን ነው?» አሉት።

«ምራን ነው፣ አባባ፤ ሞፈሩን ከቀንበሩ የሚያስረው።»

ወንድሞችና እኅቶች፣ እኛስ ብንጠየቅ ምን እንመልስ ይሆን?