ከእፍኝ አፈር የተገኘ መድኃኒት

በቤንሻንጉል ጉሙዝ ወንዝ ብዙ ነው። በአሶሳ በኩል ዳቡስ፥ በመተከል በኩል በለስ ይወርዳሉ፤ ሁለቱም ዓባይ ይገባሉ። ወንዝ ሀብት ነው። ነገር ግን ውሃው እየተንፏፏ በፍጥነት በሚወርድበት ቦታ አንዲት ትንሽ ጥቁር ዝንብ ትራባለች። ዝንቢቱ ሰውን ነክሳ የምታስተላልፈው በሽታ ኦንኮሰርካይሲስ ይባላል። የወንዝ ዳር ዓይነ ስውርነት የሚሉትም አሉ። ቤንሻንጉል ጉሙዝ በሽታው ከታየባቸው ክልሎች አንዱ ነው።

በሽታው ምን ያደርጋል?

ዝንቢቱ ስትነክስ የትል እጭ ወደ ሰውነት ይገባል። እጩ አድጎ ትል ይሆንና ከቆዳ ሥር ተቋጥሮ ይቀመጣል። እንስቷ ትል ከ10 ዓመት በላይ ልትኖር ትችላለች። በዚህ ጊዜ ሁሉ በዓይን የማይታዩ ብዙ ሺህ ልጆች ትፈለፍላለች። ልጆቿ ቆዳ ውስጥ ሲርመሰመሱና ሲሞቱ ሰውየው ሲያክ ያድራል፤ ቆዳውም ይሻክራል። በአገራችን ጉዳቱ በብዛት የሚታየው ቆዳ ላይ ነው። ዓይን ውስጥ የሚገቡ ትሎችም አሉ። እነዚህ የዓይንን የፊት ሽፋን ያደበዝዛሉ። ከዓይን በስተኋላ ያለውን ሬቲና የሚባለውን ስስ ሽፋንም ያበላሻሉ። ሬቲና ብርሃንን ተቀብሎ ወደ አንጎል ያስተላልፋል። አንዴ ከሞተ ግን እንደ ጠጉር ተመልሶ አይበቅልም።

መድኃኒቱ እንዴት ተገኘ?

ቀጥሎ ያሉት ዓመቶች በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ሳቶሺ ኦሙራ በ1935 በጃፓን አገር ከገበሬ ቤተሰብ ተወለዱ። ዩኒቨርሲቲ ጨርሰው በቶኪዮ ከተማ የማታ ትምህርት ቤት መምህር ሆኑ። ተማሪዎቻቸው ቀን በፋብሪካ ሠርተው፥ እጃቸው ዘይት እንደነካው የሚማሩ ሰዎች ነበሩ። የእነዚህ ተማሪዎች ትጋት መምህሩን ራሳቸውን ወደ ትምህርት መለሳቸው። ኬሚስትሪን በሰፊው አጠኑ። በ1965 ኪታሳቶ በሚባል የምርምር ተቋም ሥራ ጀመሩ።

አፈር ውስጥ በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን ይኖራሉ። ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው ስትሬፕቶማይሲን የተገኘው ከእነሱ ነው። ኦሙራም ከየቦታው አፈር እየሰበሰቡ ተሕዋስያኑን ይመረምሩ ነበር። በ1970ዎቹ ኢቶ ከምትባል ከተማ አጠገብ ከተወሰደ አፈር አንድ አዲስ ዓይነት አገኙና ወደ አሜሪካ ላኩት። በዚያም ዊልያም ካምቤልና የሥራ ጓደኞቻቸው በትል በተያዙ አይጦች ላይ ሞከሩት፤ ትሉ ጠፋ። ኬሚስቶች ትሉን የሚገድለውን ንጥረ ነገር ለይተው አወጡ። ትንሽ ለውጥ ቢያደርጉበት የበለጠ የሚሠራና ጉዳቱ ያነሰ ሆነ። ይህ ኢቨርሜክቲን ነው። መጀመሪያ ለከብት ዋለ፤ በ1987 ለሰው ተፈቀደ። በዚያው ዓመት ሜርክ የተባለው ኩባንያ ለዚህ በሽታ በነፃ እንደሚሰጠው አስታወቀ። ሁለቱ ሊቃውንት በ2015 የኖቤል ሽልማት አገኙ።

ማሳከኩ ቆመ ብሎ መተው ይገባል?

አይገባም። መድኃኒቱ ትናንሾቹን ትሎች ይገድላል፤ እናቲቱን ግን አይገድላትም። ለጊዜው መውለዷን ታቆማለች፤ ቆይታ እንደገና ትጀምራለች። ስለዚህ መድኃኒቱ እናቲቱ አርጅታ እስክትሞት ድረስ ለብዙ ዓመታት፥ በዓመት 1 ወይም 2 ጊዜ ይዋጣል። አንዱ ውጦ ጎረቤቱ ቢተው ዝንቢቱ ከጎረቤት ወደ እሱ ታመጣበታለች። ከተዋጠ በኋላ ማሳከክ ወይም እብጠት ቢመጣ ብዙውን ጊዜ ትሎቹ እየሞቱ ስለሆነ ነው፤ ለጤና ሠራተኛ መንገር ነው እንጂ መፍራት አያስፈልግም።

መጠኑ በቁመት ይለካል። ቁመቱ 90 ሴንቲ ሜትር ያልሞላ ሕፃን፥ ነፍሰ ጡር ሴት፥ ከወለደች ሳምንት ያልሞላት አራስና በጠና የታመመ ሰው አይወስዱም።

መድኃኒቱ የጠፋን ዓይን አይመልስም፤ ያለውን ግን ይጠብቃል። ሳይቃጠል በቅጠል ይሏል ይሄ ነው።

ጥያቄዎች

1. ጥቁሯ ዝንብ የት ትራባለች?
2. የሬቲና ሥራ ምንድን ነው?
3. ኦሙራን ወደ ትምህርት የመለሷቸው እነማን ናቸው?
4. አንድ ጎረቤታችሁ «ማሳከኩ ቆሞልኛል፤ ከእንግዲህ አልውጥም» ቢል ምን ትመልሱለታላችሁ?