ሁለቱም «እኔ ነኝ የተበደልኩት» ሲሉ

ላፕቶፑን እስቲ ወደ እኔ አዙሪልኝ። «ሁለቱም ወገኖች በእኩል ዓይን ይታዩ» የሚለውን የመጀመሪያ ስላይድ አጥፊው፣ እህቴ። ሐሳቡ ክፉ ሆኖ አይደለም። ስለ ባልና ሚስት ጥቃት የምታሠለጥኛቸው የፖሊስ መርማሪዎች ግን ይህን ሲያነቡ «ሁለቱንም ክሰሱ» ወይም «ሁለቱንም አስታርቁ» ብለው ነው የሚረዱት፤ ሁለቱም ደግሞ ከምርመራ ይቀላሉ። እኩል መሆን ያለበት ጥያቄው ነው። መልሱም እኩል ይወጣል ያለ የለም።

ሕጉ ላይ ብዙ አትቆዪ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 564 ባልና ሚስት ብሎ በጾታ አይለይም፤ ሳይጋቡ አብረው የሚኖሩትንም ይጨምራል፣ ከአካል ሌላ የአእምሮ ጤና ጉዳትንም ያነሳል። ከእሱ ጋር አንቀጽ 78ን፣ ሕጋዊ መከላከልን፣ አያይዢላቸው። ማን መታ የሚለውን ለይቶ ለምን መታ የሚለውን የረሳ መዝገብ የሚበላሸው እዚያ ነው።

ከዚያ ቶሎ ወደ ልምምድ ግቢ። የፈጠራ መዝገብ አዘጋጂና በመጀመሪያ የባልየውን ቃል ብቻ ስጫቸው፦ ጠዋት ጣቢያ መጥቷል፣ ፊቱ ተቧጥጧል፣ ክንዱ ላይ የንክሻ ምልክት አለ፣ የሕክምና ማስረጃ ይዟል፣ ረጋ ብሎ ይናገራል። ውሳኔያቸውን በወረቀት ያስፍሩ። የሚስትየውን ቃል ቀጥለሽ ስጫቸው፦ የመጣችው ከምሳ በኋላ ነው፣ ሰውነቷ ላይ የሚታይ ቁስል የለም፣ ድምጿ ሻክሯል፣ የነገሩን ቅደም ተከተል ታምታታለች፣ ስትጠየቅ ትቆጣለች። ስንቱ የመጀመሪያ ውሳኔውን እንደሚሰርዝ ታያለሽ፤ ብዙ አትጠብቂ።

ለሥልጠናው የምትጋብዢያትን ሐኪም የምታስነሻት ይሄኔ ነው። ማነቅ አንገት ላይ ምንም ምልክት ላይተው እንደሚችል ትንገራቸው። ምልክቱ የድምፅ መሻከር ሊሆን ይችላል፣ ምራቅ ለመዋጥ መቸገር፣ ዓይን ውስጥ የሚታዩ ጥቃቅን የደም ነጠብጣቦች፣ ራስን መሳት፣ ሽንት ማምለጥ። አየር ያጣ አእምሮ የሆነውን በቅደም ተከተል አይይዝም። የታነቀ ሰው ደግሞ ለመተንፈስ ሲታገል ያገኘውን ይቧጥጣል፣ ይነክሳል። ስለዚህ የባልየው ቁስል እውነተኛ ሆኖ ታሪኩ ሌላ ሊሆን ይችላል። እግረ መንገድሽን፣ የታነቀ ሰው «ደህና ነኝ» ቢልም ቃሉን ሰጥቶ ወደ ቤት አይሸኝም፤ የአንገት ደም ሥር ጉዳት ከቀናት በኋላም ስለሚገድል ሆስፒታል ይላክ።

ተበዳዩን አጥፊ አድርጎ መመዝገብ የእኛ ጣቢያዎች ችግር ብቻ አይደለም። ማሪያን ሄስተር በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ የፖሊስ መዝገቦችን አገላብጣ በ2009 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ጥናት፣ አጥፊ ተብለው ከተመዘገቡት መካከል ሴቶቹ ከወንዶቹ በሦስት እጥፍ የመታሰር ዕድል ነበራቸው። መሣሪያ የማንሣት ነገርም በሴቶቹ ላይ በዝቶ ታይቷል፤ ብዙ ጊዜ ራሳቸውን ለመከላከል። ቢላ ያየ ፖሊስ ቢላውን ይመዘግባል፣ ከቢላው በፊት የነበረውን ሰዓት ግን አይጠይቅም።

ያንን ሰዓት መጠየቅ ነው ማስተማር ያለብሽ። ሁለቱ ለየብቻ፣ አንዱ የሌላውን ድምፅ በማይሰማበት ክፍል፣ ተመሳሳይ ጥያቄ ይቅረብላቸው፦ ደመወዙን የሚይዘው ማን ነው? ስልክ የሚፈትሸው ማን ነው? እምቢ ያልሽ ቀን፣ እምቢ ያልክ ቀን ምን ይሆናል? ሌላው ቤት ሲገባ ዝም የሚለው ማን ነው? ልጆቹ ማን ሲመጣ ነው የሚሸሹት? አንድ ምሽት የተፈጠረ ድብድብና ዓመታት የቆየ አፈና የሚለዩት በእነዚህ መልሶች ነው። ቁስል ከመቁጠር ይልቅ ማን ማንን እንደሚፈራ ይፈልጉ።

ሌላው፣ «ሴት መርማሪ ከመደብን ይበቃል» የሚለውን አትመኚው። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ባል ሚስቱን መምታቱ ተገቢ የሚሆንበት ቢያንስ አንድ ምክንያት አለ ያሉት ሴቶች 63 ከመቶ ነበሩ፤ ወንዶቹ 28 ከመቶ። ከሠልጣኞችሽ ውስጥ ይህን አስተሳሰብ ከቤቷ ይዛ የምትመጣ መርማሪ ትኖራለች። አታሳፍሪያት፤ መዝገቡ ላይ አሠሪያት።

ለልምምዱ ሁለተኛ መዝገብም አዘጋጂ፤ እሱን ገልብጪው። ረጋ ብላ በቅደም ተከተል የምትናገረው ሚስትየዋ ትሁን፣ የሚፈራው ባልየው። ወንድ ልጅ «ሚስቴ ትመታኛለች» ሲል ጣቢያ ውስጥ የሚነሳውን ሣቅ አንቺም ታውቂዋለሽ። ይህን ካላስገባሽ ሠልጣኞቹ ይዘው የሚሄዱት መጠየቅን ሳይሆን አንድ የተዘጋጀ መልስን ነው፤ ጠበቃ ደግሞ ችሎት ላይ በአምስት ደቂቃ ይንደዋል።

ሽምግልናውን በተመለከተ አቋሜን ታውቂያለሽ። ሽማግሌዎችን አልጠላም፤ የመሬት ክርክር ሲያበርዱ አይቻለሁ። ግን በአንቀጽ 556 የመጀመሪያው ንዑስ አንቀጽ ቀላል የአካል ጉዳት በአቤቱታ ብቻ የሚያስቀጣ በመሆኑ፣ ከዘመድ ጋር መጥቶ «ትቻለሁ» የሚል ሰው መዝገቡን ያዘጋዋል። እንዲህ ሲሆን መርማሪው ዘመዶቹን ውጭ አስቀምጦ ለብቻው ይጠይቅ፦ «ትተሽው ነው ወይስ ዛሬ ማታ የምታድሪበት ስለሌለሽ?» መልሱን በተናጋሪው ቃል ይጻፈው፤ «ታርቀዋል» ብሎ አያጠቃልል።

መርሐ ግብርሽ ላይ ለመክፈቻ ንግግር አንድ ሰዓት ተኩል ሰጥተሻል። አርባ ደቂቃ ቆርጠሽ ለሁለተኛው መዝገብ ጨምሪ፣ ኃላፊው ቢኮርፉም። ሁለቱንም መዝገቦች በወረቀት አባዢ፤ አዳራሹ ውስጥ መብራት ይጠፋል።