ምች ሲመታሽ

የእህቴ ልጅ፣ ቅዳሜ ለክርስትናው የቀረሽበትን ምክንያት ከእናትሽ ሰማሁ። ከንፈርሽን ምች መትቶሽ፣ ስልክሽ ላይ ብትፈልጊ «ሄርፐስ» የሚል አግኝተሽ፣ በኀፍረት በር ዘግተሽ ዋልሽ አሉ። ሠላሳ ዓመት ቶሮንቶ ስኖር ይህ ነገር ስንቱን ሲያሸማቅቅ አይቻለሁና የማውቀውን ልንገርሽ።

1. ስሙ አያስደንግጥሽ። እኛ ከንፈር ላይ ሲወጣ ምች የምንለው ቁስል አብዛኛውን ጊዜ ሄርፐስ ሲምፕሌክስ 1 የተባለው ቫይረስ ሥራ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚለው፣ ዕድሜው ከ50 ዓመት በታች ከሆነው የዓለም ሕዝብ 3.8 ቢሊዮን ያህሉ፣ ከሦስት ሰው ሁለቱ ማለት ነው፣ ይህ ቫይረስ አለበት። ብዙዎቹ አንድም ቀን ቆስለው ስለማያውቁ እንዳለባቸው እንኳ አያውቁም። አብዛኛው ሰው የሚይዘው ገና ልጅ ሳለ፣ አክስትና አያት ሲስሙት ነው። ታዲያ ምኑ ያሳፍራል?

2. ፀሐይዋን ተጠንቀቂ። እናቶቻችን «በልተሽ ሳትታጠቢ ቀትር ላይ አትውጪ፣ ምች ይመታሻል» ይሉ ነበር። የምግብ ሽታው ነገር እንኳ ይቅር፤ በፀሐይዋ ግን አልተሳሳቱም። ቫይረሱ አንዴ ከገባ በኋላ በፊት ነርቭ ሥር አድፍጦ ይቀራል፤ ጠንካራ ፀሐይ፣ ትኩሳት፣ ድካም፣ ጭንቀት፣ አንዳንዴም የወር አበባ ይቀሰቅሰዋል። እዚህ ደግሞ ክረምቱ አለ፤ ከንፈር በብርዱና በማሞቂያው ደረቅ አየር ይሰነጠቃል። ስለዚህ የፀሐይ መከላከያ ያለበት የከንፈር ቅባት፣ ቁጥሩ 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ፣ ከቦርሳሽ አይጥፋ። በረዶ መሬቱን ሲሸፍን ፀሐይዋ ከታችም ስለምታንጸባርቅ «ክረምት ነው» ብለሽ አትተዪው።

3. ሰዓቱን አትለፊው። ዓይን የሚያየው ነገር ከመውጣቱ በፊት ከንፈርሽ አንድ ቦታ ላይ ያሳክካል፣ ያቃጥላል፣ ይነዝራል። መድኃኒት ይበልጥ የሚሠራው ያኔ ነው። ካለፈሽ ውኃ የቋጠሩ ትንንሽ እብጠቶች ተያይዘው ይወጣሉ፣ ይፈነዳሉ፣ ከዚያ ቅርፊት ይይዛል፤ ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ይድናል። ቅርፊቱን አትላጪው።

4. ፋርማሲ ሂጂ። ለቤተሰብ ሐኪም ቀጠሮ ስትጠብቂ ምቹ መጥቶ ይሄዳል። ኦንታሪዮ ውስጥ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2023 ጀምሮ ፋርማሲስቶች ለአንዳንድ ቀላል ሕመሞች ራሳቸው መድኃኒት እንዲያዙ ተፈቅዷል፤ የከንፈር ምች አንዱ ነው። የጤና ካርድሽን ይዘሽ ሂጂ፤ ለምክሩ አትከፍይም፣ መድኃኒቱን ግን ኢንሹራንስሽ ወይም ኪስሽ ይሸፍናል። ለአዋቂ ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ቫላሳይክሎቪር ነው፤ 2 ግራም ተውጦ፣ ከ12 ሰዓት በኋላ ሌላ 2 ግራም፣ በቃ፣ በአንድ ቀን ያልቃል። ኩላሊትሽን የሚያምሽ ከሆነ፣ እርጉዝ ከሆንሽ ወይም ሌላ መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነ ቀድመሽ ተናገሪ። ሰው ቢሰማኝስ ካልሽ ለብቻ ማውራት እንደምትፈልጊ ንገሪው፤ ገለል ብሎ ያናግርሻል።

5. ስለ ዳማከሴ። ቅጠሉን አሽቶ ማሽተት፣ ጭማቂውን በቡና ጠብ አድርጎ መጠጣት ያደግንበት ነው፤ እኔም ሽታውን ብቻ ሳገኘው ቀለል ይለኛል። በአይጦች ላይ የተደረገ ጥናትም ትኩሳት እንደሚያበርድ አሳይቷል። ይሁን እንጂ ቫይረሱን ከነርቭ ሥር አይነቅለውም፤ ያን የሚያደርግ መድኃኒት ፋርማሲም የለም። የፈነዳ ቁስል ላይ ግን ቅጠል አትሺ፣ ሌላ ጀርም ታስገቢበታለሽ።

6. ከሕፃን ራቂ። ክርስትናው ላይ መቅረትሽ ምክንያቱ ኀፍረት ባይሆን ኖሮ ባመሰገንኩሽ ነበር። የአርባ ቀን ልጅ ይህን ቫይረስ የሚችልበት አቅም የለውም፤ አንጎሉና ጉበቱ ድረስ ሊገባ፣ ሊገድለውም ይችላል። የእኛን አራስ ጥየቃ ታውቂዋለሽ፤ ገንፎው ቀርቦ፣ እልልታው ቀልጦ፣ ሕፃኑ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ሁሉም ጉንጩን ይስመዋል። ቁስል ያለበት ሰው እዚያ መሃል መኖር የለበትም። የግድ ከሄደም ቁስሉን ሸፍኖ፣ እጁን ታጥቦ፣ ከሩቅ መርቆ ይውጣ። እናትየዋም «ልጄን አትሳሙብኝ» ብትል አትቀየሟት፤ አሮጊቶቹን ዝም የማሰኘቱን ነገር ለእኔ ተዉልኝ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሕፃኑ ካተኮሰ፣ ጡት እምቢ ካለ፣ ከፈዘዘ ወይም ሰውነቱ ላይ ውኃ የቋጠረ እብጠት ከታየ ግን ነገ አይባልም፤ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ነው፣ ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ያለው ሲክ ኪድስ ወይም ቅርብ ያለው ሆስፒታል።

7. ቁስሉ ሙሉ በሙሉ እስኪድን ጉርሻ፣ የጋራ ብርጭቆ፣ ሊፕስቲክ፣ ፎጣ ይቅር። ሰላምታው በትከሻ ይበቃል፤ «ምች መቶኛል» ካልሽ ሐበሻ ሁሉ ይገባዋል። አንድ ነገር ደግሞ ዕድሜዬ ይፈቅድልኛልና ልጨምር፦ ከንፈሩ የቆሰለ ሰው በአፍ በሚደረግ ግንኙነት ቫይረሱን ወደ ብልት ሊያሻግር ይችላል። ቁስል ሳይታይም አልፎ አልፎ ይተላለፋል።

8. ቁስሉን በነካ እጅሽ ዓይንሽን አትንኪ፤ ኮንታክት ሌንስ ከማድረግሽ በፊት ታጠቢ። ዓይንሽ ከቀላና ካመመሽ፣ ቁስሉ ሁለት ሳምንት ካለፈው፣ ኤግዚማ ባለበት ቆዳ ላይ ከተዛመተ ወይም በዓመት ውስጥ ደጋግሞ ከተመላለሰብሽ ከፋርማሲስት አልፎ የሐኪም ጉዳይ ነው፤ ደጋግሞ ለሚመታው ሰው በየቀኑ የሚወሰድ መከላከያም አለ። ሌሊት ከሆነብሽ 811 ደውዪ፣ ነርስ ታናግርሻለች።