«ስል» እና «ብልህ»

ቢላዋ አልቆርጥ ሲል «ደነዘ» እንላለን። ነገር ቶሎ የማይገባውንም ሰው «ደነዝ» እንለዋለን። ለብረትም ለሰውም ቃሉ አንድ ነው። ተቃራኒውን ስንፈልግ ግን ሁለት ቃል እናገኛለን፤ ብረቱ «ስል»፣ ሰውዬው «ብልህ» ይባላል።

የሁለተኛውን ቃል ሥር ያየን እንደ ሆነ፣ እርሱም የብረት ቃል ነበረ። በግዕዝ «በልኀ» ማለት ሰላ፣ «በሊኅ» ማለትም ስል ነውና። ስለዚህ ጥንቁቅ ጸሐፊ በብዙኃኑ ኀ «ብልኅ» ብሎ ይጽፈዋል። «ብልሃት»ም ከዚሁ የወጣ ነው። «ብልጥ» ግን ከ«በለጠ» የመጣ ስለ ሆነ ዘመዱ አይደለም።

ዛሬ «ስል» ለሰውም ይነገራል። «ስል አእምሮ» ምስጋና ነው። «የሰላ ሒስ» ስሕተትን ሳይሸፍን በቀጥታ የሚያሳይ ነው። «ምላሱ ስል ነው» ሲባል ግን ብዙ ጊዜ ነቀፋ አለበት።

ተማሪዎች ሆይ፤ በክርክር ጊዜ ባልንጀራውን በቃል የወጋ ሁሉ «ብልህ!» እየተባለ ይጨበጨብለታል። ምላሱ ስል መሆኑ ታየ እንጂ ብልህነቱ ገና አልታወቀም። ስል ቢላዋ የሚቆርጠውን አይመርጥም፤ መምረጥ የብልህ ፈንታ ነው።