ኳስ ይዘህ ለምትሮጥ ለአንተ ለልጄ

ልጄ፣ ኳስ ይዞ የሚሮጥ ተጫዋች፣ ረኒንግ ባክ፣ እሆናለሁ ብለህ መነሳትህን ስሰማ ደስ ብሎኛል። ጉልበት አለህ፣ ወኔም አላነሰህም፤ የሚጎድልህ ጥንቃቄ ነው። እኔ ይህን የአሜሪካ ፉትቦል አንተ ሳትወለድ ጀምሮ ስከታተል ኖሬ ብዙ ጎበዝ ሲመጣና ሲሄድ አይቻለሁ። በሙያ ተጫዋቾቹ ሊግ፣ በኤንኤፍኤል፣ የአንድ ረኒንግ ባክ የጨዋታ ዘመን በአማካይ ሦስት ዓመት እንኳ አይሞላም ሲሉ የተጫዋቾቹ ማኅበር ሰዎች ደጋግመው ተናግረዋል። የምመክርህን ሁሉ ይህን እያሰብክ ስማኝ።

1. ከመሮጥህ በፊት ኳሱን አጥብቀህ ያዝ። የኒውዮርክ ጃያንትሱ ቲኪ ባርበር በ2002 ዘጠኝ ጊዜ፣ በ2003ም ዘጠኝ ጊዜ ኳስ ከእጁ አምልጦታል። በ2004 አሰልጣኙ ቶም ካፍሊን መጣና ኳሱን ከፍ አድርጎ ከደረቱ ጋር እንዲያጣብቀው አስተማረው። በ2005 ባርበር 1,860 ያርድ ሲሮጥ ኳስ የጣለው አንድ ጊዜ ብቻ ነበር። እግሩ ያው የድሮው እግር ነው፤ የተለወጠው ክንዱ ነው። አንተ ልምምድ ላይ ሲደክምህ ኳሱን በአንድ እጅህ አንጠልጥለህ ትመለሳለህ። ይህን ልማድ ዛሬውኑ ተው። በልምምድ የላላ እጅ በጨዋታ አይጠብቅም።

2. ኳስ ሳትይዝ የምትሠራውን ሥራ አትናቅ። ብዙ ፈጣን ልጅ ቁጭ ብሎ የሚቀረው መሮጥ አቅቶት ሳይሆን ኳስ ወርዋሪውን፣ ኳርተርባኩን፣ መከለል ስለማያውቅ ነው። ከተቃራኒው ወገን ማን ተወርውሮ እንደሚመጣ አስቀድመህ ለይ፤ ደረትህን ሰጥተህ አቁመው። ኳርተርባኩ በአንተ ቸልተኝነት ከተመታ አሰልጣኙ ዳግመኛ አያምንህም።

3. አትቸኩል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። ከፊትህ ያሉት ላይንመኖች ሰዎቻቸውን ገፍተው መንገድ እስኪከፍቱልህ አንድ እርምጃ መታገስ ከፍጥነት ይበልጣል። ኤሚት ስሚዝ በዘመኑ ከነበሩት ሁሉ ፈጣኑ አልነበረም፤ ግን 18,355 ያርድ ሮጦ የሁሉም ጊዜ ክብረ ወሰን ባለቤት ሆነ። በ2010 ካንተን፣ ኦሃዮ በሚገኘው የዝና አዳራሽ ሲከበር በዳላስ ከፊቱ መንገድ ይጠርግለት የነበረውን ዳሪል ጆንስተንን ከተቀመጠበት አስነስቶ እያለቀሰ አመስግኖታል። አንተም ሲያጨበጭቡልህ መንገድ የከፈቱልህን ሰዎች በስማቸው ጥራ።

4. ሰውነትህን አታባክን። እዚህ ላይ ረጋ ብለህ ስማኝ፤ ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ኳስ በያዝክ ቁጥር ትመታለህ፤ ምቱ ደግሞ ይጠራቀማል። ስሚዝ ጃንዋሪ 2 ቀን 1994 የትከሻው መገጣጠሚያ ተለያይቶ እያለ ጃያንትስን ለማሸነፍ እስከ ጭማሪ ሰዓት ተጫውቷል። ጀግንነቱን አደንቃለሁ። ግን የዚህን ታሪክ ስትሰማ የኧርል ካምቤልንም ስማ፤ በ1980 ለሂውስተን 1,934 ያርድ የሮጠው፣ ሰው ሁሉ ሊገታው ያልቻለው ሰው፣ ከጨዋታ ከወጣ በኋላ በአከርካሪ ሕመም እየተሠቃየ በዊልቸር እስከ መሄድ ደርሷል። ቴሬል ዴቪስ በ1998 ለዴንቨር 2,008 ያርድ ሮጠ፤ በተከታዩ ዓመት በአራተኛው ጨዋታ ኳስ የነጠቀባቸውን ተጫዋች ለማስቆም ሲሮጥ ጉልበቱ ተበጠሰ፤ ከዚያ ወዲህ የድሮው ዴቪስ ሆኖ አልተመለሰም። ኤድሪያን ፒተርሰን ግን በ2011 ዲሴምበር ማለቂያ ላይ ጉልበቱ ተበጥሶ በ2012 2,097 ያርድ ሮጧል። እንዲህ ያለው ጥቂት ነው። ስለዚህ የሚያስፈልገውን ያርድ ካገኘህ ለአንዲት ተጨማሪ ስንዝር ብለህ ሦስት ሰው ላይ አትጋጭ፤ ከሜዳው ውጣ ወይም ውደቅ።

5. ጭንቅላትህን መምቻ አታድርገው። የራስ ቁርን ዝቅ አድርጎ በአናት መግጨት ከ2018 ጀምሮ በኤንኤፍኤል ለማንኛውም ተጫዋች ያስቀጣል። ከተመታህ በኋላ ዓይንህ ከበረቀ ወይም ካዞረህ ለሐኪሙ ሳትደብቅ ንገር። ወንድነት መስሎህ ዝም ካልክ እኔ ራሴ እቆጣሃለሁ።

6. ትምህርትህን ጨርስ። ከሁለተኛ ደረጃ ከወጣህ ሦስት ዓመት ሳይሞላ ኤንኤፍኤል አይቀበልህም፤ እነዚያን ዓመታት በከንቱ አታሳልፋቸው። ስሚዝ ከፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ሳይመረቅ ቢወጣም ለእናቱ ቃል ገብቶ ነበርና ሱፐር ቦውል ሦስት ጊዜ ከበላ በኋላ በ1996 ዲግሪውን ተቀበለ።

7. ውልህን አንብብ። በኤንኤፍኤል የአዳዲስ ተጫዋቾች ምርጫ (ድራፍት) የገባ ወጣት የመጀመሪያ ውሉ አራት ዓመት ነው። ሲያልቅ ሃያ አምስት ወይም ሃያ ስድስት ዓመት ይሆንሃል፤ ሌላው የሥራ ዓለም ገና ልጅ የሚልህ ዕድሜ ነው፤ ለረኒንግ ባክ ግን ክለቦች መተኪያ መፈለግ የሚጀምሩበት ነው። በርካሽ የሚመጣ ወጣት በየዓመቱ አለ። ስለዚህ ጠቅላላውን ቁጥር ሳይሆን ብትጎዳም የማይቀርብህ ገንዘብ ስንት እንደሆነ ጠይቅ። ዘመድም ያን ጊዜ ይበዛልሃል፤ መስጠት መልካም ነው፤ ለራስህ ሳታስቀምጥ ግን አትስጥ።

8. መውጫህን ራስህ ምረጥ። ጂም ብራውን ለክሊቭላንድ ዘጠኝ ዓመት ተጫውቶ፣ አንድም ጨዋታ ሳያመልጠው፣ በስምንቱ ዓመት የሊጉ ቀዳሚ ሯጭ ሆኖ፣ በ1966 ገና በሠላሳ ዓመቱ በቃኝ አለ። ባሪ ሳንደርስም በ1999 ከዲትሮይት ሲወጣ ያኔ የነበረውን የዋልተር ፔይተንን የሩጫ ክብረ ወሰን ለመስበር የቀረው 1,457 ያርድ ብቻ ነበር። ብዙ ሰው ተናደደበት፤ እኔ ግን በጤናው ተራምዶ የወጣን ሰው አልወቅስም። ቅር የሚለኝ አወጣጡ ነው፤ ለትውልድ ከተማው ለዊቺታ ጋዜጣ በፋክስ ደብዳቤ ልኮ ነው ያሳወቀው። አንተ ያ ቀን ሲደርስ አሰልጣኝህ ቢሮ ግባና ፊት ለፊት ንገረው፤ ላይንመኖችህንም ሰብስበህ ንገራቸው። እኔም ወሬውን ከአንተው አፍ ልስማ።