«ለቤተሰብሽ እልካለሁ» ሲላት፦ ለመካነ ሰላምና ለአካባቢዋ ቤተሰቦች ማሳሰቢያ

ቡና ተፈልቶ ሰው ሲጫወት፣ ስልኳ በጮኸ ቁጥር ስኒው በእጇ የሚንቀጠቀጥ ልጅ አይተን ይሆናል። «ፍቅር ይዟት ነው» ብለን አልፈናል። ብዙ ጊዜ ግን አንዱን አካውንት ብትዘጋው በሌላ ስም የሚመጣ፣ ሌሊት የሚደውል፣ የት እንደዋለች የሚነግራት፣ «ፎቶሽን ለቤተሰብሽ እልካለሁ» የሚላት ሰው አለ። ዩኒቨርሲቲ ያለችውም፣ ከወሎ ወጥታ ሳዑዲና ቤይሩት በሰው ቤት የምትሠራውም ይደርስባታል። ወንዶች ልጆቻችንም አያመልጡም፤ እነሱ ለመናገር ይበልጥ ያፍራሉ።

ይህ ሲረዝም እንቅልፍ ይነሳል፣ ምግብ ያስጠላል፣ ትምህርት አይገባም፣ ከሰው ያሸሻል። ሲብስም «ብሞት ይሻለኛል» ያሰኛል። አሳዳጁ የሚተማመነው በእኛ ቁጣ ነው፤ እኛ ከልጃችን ጎን ከቆምን የሚያስፈራራበት ነገር ያጣል።

አናድርግ

• «ምን አድርገሽው ነው?» አንበል፤ ጥፋቱን ከእሱ አንስቶ በእሷ ላይ ይጭነዋል።
• ስልኳን አንንጠቅ፤ ማስረጃው እዚያ ነው፣ ሁለተኛም አትነግረንም።
• የጠየቀውን ገንዘብ አንላክ፤ አንዴ የተከፈለው ደግሞ ይጠይቃል።
• የደረሰንን ፎቶ ለአንድ ሰው እንኳ አናሳይ፤ አሳዳጁ የፈለገውን ሥራ እኛው ሠራንለት ማለት ነው።
• ነገሩን ለመሸፈን ለእሱ ለመዳር አንቸኩል፤ የምትፈራውን ሰው ቤቷ ማስገባት ነው።
• ወንድሞቿ ለበቀል አይውጡ። እኛ አገር ስም ተነካ ሲባል ደም ይፈላል፤ ከፍቅር የመጣ መሆኑንም እናውቃለን። ነገር ግን ወንድሟ ከታሰረ ወይም ከተጎዳ፣ «በእኔ ምክንያት ነው» የሚል ሌላ ሸክም ይጨመርባታል።

እናድርግ

• ሳናቋርጥ እንስማት፤ ዝምታዋን ለመስበር ብዙ ቀን ፈጅቶባታል።
• ከማጥፋታችንና ብሎክ ከማድረጋችን በፊት መልእክቱን፣ የአካውንቱን ስምና ቀኑን ስክሪን ሾት እናንሳ፤ ፖሊስ የሚፈልገው ይህን ነው።
• በቴሌግራሟና በዋትሳፗ ሴቲንግ ገብተን የተያያዙትን ስልኮች እንይ፤ የቀድሞ ጓደኛ በሌላ ስልክ መልእክቷን እያነበበ ሊሆን ይችላል።
• ፖሊስ ጣቢያ አብረናት እንሂድ፤ ብቻዋን ስትሆን ቃሏ ይጠፋባታል። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 13፣ ስለ ተጎጂው ወይም ስለ ቤተሰቡ መረጃ ደጋግሞ በመላክ ወይም ግንኙነቱን በመከታተል ፍርሃት ወይም የሥነ ልቦና ጫና የሚያደርስን ሰው እስከ 5 ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት ይቀጣል፤ ከባድ ሲሆን እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት አለው።
• ማታ ማታ አንዳችን አጠገቧ እንተኛ፤ ፍርሃት ሌሊት ይበረታል።
• ጭንቀቱ ከሁለት ሳምንት ካለፈ ወደ ጤና ተቋም እንውሰዳት፤ ቶሎ የታከመ ቶሎ ይድናል። ደሴ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል፤ አዲስ አበባ አማኑኤል አለ። ጠበሉም ዱዓውም ይቀጥል፣ የታዘዘላት መድኃኒት ግን አይቋረጥ።
• «ብሞት» የሚል ቃል ከወጣት ለአፍታም ብቻዋን አንተዋት፤ የተባይና የአይጥ መርዝ ከቤት እናርቅ፤ ያን ዕለት ሳናድር ሐኪም ዘንድ እናድርሳት።

ውጭ ላሉት ልጆቻችንም ዛሬ እንደውልላቸው። ማስፈራሪያው ሳይመጣ ይህን ከእኛ አፍ ይስሙት፦ «ማንም ምንም ቢልክብሽ፣ መጀመሪያ ለእኛ ንገሪን፤ አንቆጣሽም።»