ከሰበታ እስከ ድሬዳዋ በምድር ባቡር ስለ መጓዝ

አዲስ አበባን ከከበቧት አገሮች መካከል ሱሉልታ፣ ቡራዩና ሰበታ እያንዳንዳቸው ለከተማይቱ እንደ በር ናቸው። ሱሉልታ ከእንጦጦ ማዶ በደጋው ሜዳ ላይ ሆና ወደ ጐጃም የሚያወጣውን የመኪና መንገድ ይዛለች። ቡራዩ ወደ አምቦና ወደ ወለጋ በሚወስደው ጐዳና ላይ ናት፤ በአጠገቧ ያለው የገፈርሳ ሜዳም ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ከጂቡቲ ተነሥቶ የመጣው የመጀመሪያው አይሮፕላን ያረፈበት ስፍራ ነው። ሰበታ ደግሞ ከጂቡቲ ወደብ የሚመጣው አዲሱ የምድር ባቡር ሐዲድ የሚያልቅባት፣ ከዚህ ወገን ለሚቈጥር ሰው ግን የሚጀምርባት ናት። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ሦስቱም በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ሆነዋል።

እንግዲህ የእነዚህ አገሮች ልጆች መኪናውንም አይሮፕላኑንም ባቡሩንም ያውቃሉ ማለት ነው። ማወቃቸው ግን ሲያልፍ ማየታቸው ነው። ከሐዲዱ ጥቂት ርምጃ ርቆ የሚኖር ልጅ የባቡሩን ድምፅ እየሰማ አድጎ፣ ሐዲዱ በማን አገር እንደሚያልፍና የት እንደሚያደርስ ቢጠየቅ ዝም የሚልበት ጊዜ ብዙ ነው። የአገሩን አቀማመጥ ከካርታ ብቻ የተማረ ልጅ ደጋና ቆላ የሚሉትን ቃላት ይደግማቸዋል እንጂ ልዩነታቸውን በሰውነቱ አያውቀውም። ስለዚህ መምህርም ሆነ የልጆች አባት አንድ ቀን ተርፎት ወደ ምሥራቅ የሚወርድ ከሆነ፣ ከአይሮፕላንና ከመኪና ይልቅ ባቡርን ቢመርጥ ምን እንደሚያገኝ ማወቅ ይገባዋል።

አይሮፕላን ቶሎ ያደርሳል። ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ስለሚፈጅ፣ ሕመምተኛ ያለበት ወይም አስቸኳይ ጉዳይ የያዘው ሰው እርሱን ቢመርጥ የሚነቅፈው የለም። ነገር ግን ከደመና በላይ ለሚሄድ ሰው ምድሪቱ እንደ ተዘረጋ ቁርበት ትሆንበታለች፤ ተራራውን ከሜዳው ለመለየት ይቸገራል። መኪናም ከደጅ አንሥቶ ከደጅ ያደርሳልና ክብሩን የሚነሣው የለም። ሆኖም ነጂው ዓይኑን ከመንገዱ ሊያነሣ አይችልም፤ ተሳፋሪውም በየመታጠፊያው እየተንገላታ የሚያየው ጥቂት ነው። ደግሞም የቀድሞው የመኪና መንገድ ከአዋሽ ማዶ ወደ ጨርጨር ደጋ ወጥቶ በጭሮና በቁልቢ በኩል ሲዞር፣ ሐዲዱ ግን ከተራራው ሥር ቆላ ቆላውን ይሄዳል። ስለዚህ ሁለቱ የሚያሳዩት አገር አንድ አይደለም።

የምድር ባቡር ነገር የተጀመረው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በ1886 ዓ.ም. ሐዲድ የማሠራቱን ፈቃድ ለስዊሱ ተወላጅ ለሙሴ ኢልግ ሰጡ፤ እርሱም ከፈረንሳዊው ከሙሴ ሸፍኔ ጋር ኩባንያ አቋቋመ። ሥራው ከጂቡቲ ወገን በ1890 ዓ.ም. ተጀመረ። ቀድሞ የታሰበው ሐዲዱ ሐረር እንዲገባ ነበር፤ ነገር ግን ያንን ተራራ ለመውጣት የሚጠይቀው ገንዘብ እጅግ ብዙ ሆኖ ስለ ተገኘ መስመሩ በግርጌው ቀረ። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ በደረሰበት ሜዳ ላይ አዲስ ከተማ ተቈረቈረ፤ መጀመሪያ አዲስ ሐረር ተባለ፤ ኋላም ድሬዳዋ የሚለው ስም ጸና። ከዚህ በኋላ ገንዘብ አልቆ ኩባንያው ወደቀ፤ ሥራውም ለብዙ ጊዜ ቆመ። በ1900 ዓ.ም. በተደረገው አዲስ ውል ሌላ ኩባንያ ተተክቶ ሐዲዱ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ያስጀመሩት ምኒልክ በ1906 ዓ.ም. ዐርፈው ነበርና ባቡሩ ከተማቸው ሲገባ አላዩም። ለገሃር የሚባለው ትልቁ የጣቢያ ቤት የተመረቀው በ1922 ዓ.ም. ነው፤ ስሙም ጣቢያ ከሚለው የፈረንሳይ ቃል የመጣ ነው።

ከዚያ አስቀድሞ ከአዲስ አበባ እስከ ባሕር ወደብ በበቅሎና በግመል ለሚወርድ ነጋዴ ስድስት ሳምንት ያህል ይፈጅበት ነበር። ባቡሩ ይህን ሁሉ ሦስት ቀን አደረገው። በመጀመሪያው ዘመን ባቡር በሌሊት አይሄድም ነበርና ከአዲስ አበባ የተነሣ መንገደኛ አንድ ሌሊት በአዋሽ፣ አንድ ሌሊት በድሬዳዋ አድሮ በሦስተኛው ቀን ጂቡቲ ይገባ ነበር። በዕድሜ የገፉ ሽማግሌዎች በኋላ የመጣውን፣ ሊቶሪና ይባል የነበረውን ፈጣን ባቡር ያስታውሱ ይሆናል። ይህ አሮጌ ሐዲድ ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። እያረጀና ጥገና እያነሰው ሄዶ ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ ያለው ክፍል በ2000 ዓ.ም. ገደማ ቆመ። በየጣቢያው ለመንገደኛ ምግብና ፍራፍሬ እየሸጡ ይተዳደሩ የነበሩ ሰዎች ገበያም አብሮ ቆመ፤ ይህ ነገር በመጻሕፍት ብዙ ባይጻፍም ቀላል ጉዳት አይደለም።

በምትኩ በቻይና ኩባንያዎች የተሠራው አዲሱ ሐዲድ መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመርቆ፣ መደበኛ ሥራውን በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. ጀመረ። ርዝመቱ 750 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ከሰበታ እስከ አዳማ ያለው ድርብ ነው። የሚሄደውም በከሰል ወይም በናፍጣ ሳይሆን ከሐዲዱ በላይ በተዘረጋ ሽቦ በሚመጣ የኤሌክትሪክ ኃይል ነው። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ የሚበዛው ከወንዝ ውኃ የሚገኝ ስለ ሆነ፣ ልጆች ባቡሩን የሚጐትተው ውኃ ነው ቢሏቸው ይደነቃሉ፤ ነገሩ ግን ከእውነት የራቀ አይደለም። ሽቦው የሚሸከመው 25,000 ቮልት ነው። በሰበታ አካባቢ ያሉ መምህራን ይህን ቍጥር ለተማሪዎቻቸው አጥብቀው ይንገሩ፤ ከሽቦው ጋር መቀራረብ፣ እርጥብ እንጨት ወይም ብረት ወደ እርሱ ማንሣት ሳይነኩትም እንኳ ሊገድል ይችላልና።

ሐዲድ ስለ ምን በቆላ ይሄዳል ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ ቢኖር ምክንያቱ ይህ ነው። የባቡር ጐማ ብረት ነው፤ የሚሽከረከርበትም ብረት ነው። ብረት በብረት ላይ ሲሄድ ሰበቃው ጥቂት ስለሚሆን ብዙ ሸክም በትንሽ ኃይል ይጐተታል፤ ባቡር ከመኪና የሚበልጥበት ዋና ነገርም ይህ ነው። ነገር ግን ያው ልስላሴ ዳገት በሆነ ጊዜ ያንሸራትታል፤ ሊቆም በፈለገም ጊዜ ቶሎ አያስቆመውም። ስለዚህ መሐንዲሶች መስመሩን ሲቀይሱ ቀጥ ያለውን ዳገት ትተው ዝቅ ያለውን እየተከተሉ ይዞራሉ። መምህሩ ይህን በክፍል ውስጥ ሊያሳይ ቢፈልግ አንድ ጠርሙስ በለስላሳ ጣውላ ላይ፣ ሌላውን በሻካራ ጆንያ ላይ አንከባሎ ማሳየት ይበቃዋል።

ሐዲዱ የሚጀምረው በሰበታ ይሁን እንጂ የመንገደኛው ባቡር የሚነሣው በአዲስ አበባ ዳር ካለው ከለቡ ጣቢያ ነው። ከሱሉልታና ከቡራዩ የሚመጣ ሰው ከተማውን አቋርጦ መሄድ ስላለበት በጠዋት መነሣት ያስፈልገዋል። ባቡሩ በየቀኑ ላይነሣ ይችላልና የሚነሣበትን ቀንና ሰዓት፣ የመንገዱንም ሰላም አስቀድሞ መጠየቅ፣ ስንቅና መታወቂያ መያዝ ይገባል። ፉርጎዎቹ መቀመጫ ያላቸውም መኝታ ያላቸውም አሉ፤ አገር ለማየት ለሚሄድ ግን ከመኝታ ይልቅ በመስኮት አጠገብ ያለ መቀመጫ ይሻለዋል።

ከዚያ በኋላ ያለው የዓይን ትምህርት ነው። በስተኋላ ሰበታን ከላይ ሆኖ የሚጠብቃት የወጨጫ ተራራ፣ ቀጥሎም የፉሪ ተራራ ይቀራሉ። ሰበታ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ናት፤ ሱሉልታ ደግሞ ከ2,600 ትበልጣለች። ባቡሩ ወደ ምሥራቅ ሲወርድ በስተግራ የየረር፣ በስተቀኝ የዝቋላ ተራራ ይታያሉ፤ ሁለቱም ጥንት እሳተ ገሞራ የነበሩ ናቸው። በመካከላቸው ያለው ጥቁር አፈር የጤፍ አገር ነው። ቢሾፍቱ 1,900 ሜትር ያህል ስትሆን ሐይቆቿ የተኙት እሳት በፈነዳበት ጕድጓድ ውስጥ ነው። ከሞጆ አልፎ አዳማ 1,700 ሜትር ነው፤ እስከዚህ ድረስ መንገደኛው ወይና ደጋውን ሲያይ ቈይቶአል፤ ሸማውንም ገና አላወለቀም።

ከአዳማ ወዲያ ግን አገሩ ይለወጣል፤ የጉዞው ዋና ክፍልም ይህ ነው። የስንዴና የጤፍ ማሳ እየሳሳ፣ የግራር ዛፍ እየበዛ ይሄዳል። በመተሐራ አጠገብ የሸንኮራ አገዳው እርሻ አረንጓዴ ምንጣፍ ሲመስል፣ ከዚያው ዘንድ በስተግራ የፈንታሌ ተራራ የተፋው ጥቁር ድንጋይ ትናንት የተቃጠለ ይመስላል። የበሰቃ ሐይቅም በዚያ አለ። ሌሎች ሐይቆች ሲጐድሉ እርሱ ከጊዜ ወደ ጊዜ እየሰፋ ሄዶ የእርሻና የግጦሽ መሬት ውጦአል፤ ውኃውም ጨዋማ ስለ ሆነ ላረሰው ሰው አይጠቅመውም። ወደ አዋሽ ሲደረስ ከፍታው ከአንድ ሺህ ሜትር በታች ይሆናል። መንገደኛው ከሰበታ ከተነሣ ከአንድ ሺህ ሦስት መቶ ሜትር በላይ ወርዶአል፤ ይህን የሚነግረው ግን መጽሐፍ ሳይሆን በመስኮት የሚገባው የሞቀ ነፋስና በሬው ቀርቶ ግመል ሲበዛ ማየቱ ነው። በአይሮፕላን የሄደ ሰው ይህን ሁሉ በአንድ ደረጃ ወርዶ ድንገት ያገኘዋል፤ ከየት ጀምሮ እንደ ተለወጠ ቢጠየቅ ግን መልስ የለውም።

አዋሽ ወንዝ ራሱ ልብ ሊባል የሚገባው ነው። ከሰበታ በስተምዕራብ ካለው ደጋ ተነሥቶ፣ በዙሪያ ወርዶ፣ እዚህ ቆላ ላይ መንገደኛውን እንደ ገና ያገኘዋል፤ ከዚያም ወደ አፋር ምድር ይገባል እንጂ ከባሕር አይደርስም። ባቡሩ ግን ይደርሳል። ከአዋሽ በኋላ ሐዲዱ ጥቂት ወጥቶ በሚኤሶ ከ1,300 ሜትር ያልፋል፤ ከዚያም በስተቀኝ የጨርጨርን ተራሮች እንደ ግድግዳ ይዞ፣ በስተግራ ሰፊውን በረሃ እያሳየ በአፍደምና በኤረር በኩል ወደ ድሬዳዋ ይሄዳል። መምህሩ እነዚህን ቍጥሮች በሰሌዳ ላይ እንደ መስመር ቢስላቸውና ተማሪዎቹ በየስፍራው የሚዘራውን፣ የሚረባውንና የሚነገረውን ቋንቋ ቢጽፉበት የአንድ ወር የጂኦግራፊ ትምህርት ይወጣዋል።

የባቡሩ ጉድለት ሊሸሸግ አይገባም። አዳዲሶቹ ጣቢያዎች ከከተሞቹ መካከል ርቀው ስለ ተሠሩ ከባቡር የወረደ ሰው ሌላ መጓጓዣ ይፈልጋል፤ የቀድሞው ባቡር ግን ሰውን ከገበያው መካከል ያወርደው ነበር። በቆላውም አርብቶ አደሮች ከብታቸውንና ግመላቸውን ሐዲዱን አሻግረው ውኃ ማጠጣት አለባቸው፤ ባቡር ደግሞ ቶሎ አይቆምምና ብዙ እንስሳት ተገጭተው የካሣ ጠብ ተነሥቶአል። ለደጋ ሰው ግመል አንድ እንስሳ ነው፤ ለባለቤቱ ግን ወተቱ፣ ጭነቱና የሴት ልጁ ጥሎሽ ነው። ባቡሩ ድንገት በበረሃ ቆሞ የሚያጕረመርም መንገደኛ ካለ ይህን ቢያስብ መልካም ነው።

ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ ከዚያ እስከ ጂቡቲ ባሕር 310 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀራል። ተማሪዎችን ይዞ የሄደ መምህር በማግሥቱ ወደ ከተማው መካከል ቢገባ አሮጌውን ጣቢያና የባቡር መጠገኛውን ቤት ያገኛል። ከማስጐብኘቱ በፊት ከሹሞቹ ፈቃድ ይጠይቅ። አንድ ገመድ ይዘው የአሮጌውን ሐዲድ ወርድ ይለኩ፤ አንድ ሜትር ሆኖ ያገኙታል። የአዲሱን ሐዲድ ወርድ ግን ወደ ሐዲዱ ወርደው ሊለኩት አይገባምና ከመጽሐፍ ይወቁት፤ አንድ ሜትር ከ435 ሚሊ ሜትር ነው። በገመዱም ላይ ሁለተኛ ቋጠሮ ቋጥረው ወደ ሰበታ ይመለሱ።